ከመርፌው በፊት ቴርሞሜትሩ

አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ውስጥ ፍየል ማርባት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ «ዶክተር፣ ምን ምን መድኃኒት ገዝቼ ላስቀምጥ?» ይለኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለቱ ነውና አሳቢነቱን እወድለታለሁ። መልሴ ግን ብዙዎችን ግራ ያጋባል። መጀመሪያ የሚገዛው ፍየሏ ምን እንደሆነች ለማወቅ የሚረዳ ዕቃ ነው፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከአየር ጤና አደባባይ ወደ ቤቴል፣ ወደ ዓለም ባንክ፣ ወደ ዓለም ገና በሚወስዱት መንገዶች ዳር በየግቢው ፍየል አለ። ጡረታ የወጡ አባት ለልጅ ልጆቻቸው ወተት ብለው አንድ ሁለት እናት ፍየል ይይዛሉ፤ ወጣቶች ለበዓል ገበያ ያደልባሉ። ፍየሏ ስትታመም ታዲያ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ፌስታል ይወርዳል። ውስጡ ከጎረቤት የተረፈ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አለ፤ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ጠቁሯል። አጠገቡ ለከብት የተሠራ፣ 2500 ሚሊ ግራም የሆነ አልቤንዳዞል የሚባል የትል ክኒን ተቀምጧል፤ ሩቡ በቢላዋ ተቆርጦ ተሰጥቷል። ስሪንጁ ታጥቦ የተቀመጠ ነው፤ የመርፌው ክዳን ግን የለም።

ያንን ሩብ ክኒን እናስላው። አልቤንዳዞል ለፍየል በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። 25 ኪሎ የምትመዝን ፍየል 250 ሚሊ ግራም ይበቃታል፤ ለበግና ለፍየል የሚሸጠው ባለ 300 ትንሹ ክኒን የተሠራው ለዚህ ነው። የከብቱ ክኒን ሩብ ግን 625 ሚሊ ግራም ይሆናል። ፍየሏ በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላይ ከሆነች መድኃኒቱ ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ለበግ የተጻፈውን መጠን እንዳለ ለፍየል መስጠት ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ የፍየል ጉበት የትል መድኃኒትን ቶሎ ያስወግዳልና። ያነሰ መድኃኒት ትሉን ሳይገድል ያለማምደዋል። ስለዚህ ክብደቷን ሳያውቁ ክኒን መግዛት አይገባም። ሚዛን ካለ ፍየሏን ታቅፎ መቆምና የራስን ክብደት መቀነስ ይበቃል።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይገዛ፤ በማንኛውም የሰው መድኃኒት ቤት ይገኛል። ጫፉን ቫዝሊን ቀብተው በቀስታ ወደ ፊንጢጣዋ ያስገቡት፤ ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል አድርገው የአንጀቷን ግድግዳ ያስነኩት። በጠጥ መሃል ከተሰካ የሚለካው በጠጡን ነው። እስኪጮህ ይጠብቁ። ጤነኛ ፍየል ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ አካባቢ ናት። በቀትር ፀሐይ ከቆየች ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ በጥላ አርፋም ከ40 ካለፈ ግን ለሐኪም ይደወል። ተኝታ አልነሳ ያለች ፍየል ሙቀቷ ከ38 በታች ከወረደም ጉዳዩ የሚያስቸኩል ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ ገንዘብ አያስወጣም። የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣት ገልበጥ አድርገው በቀን ብርሃን ይዩት። ቀይ ከሆነ መልካም ነው። እየነጣ ከሄደ፣ ከመንጋጋዋም ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ከታየ፣ ሄሞንከስ የሚባለው ደም መጣጭ የሆድ ትል ይጠረጠራል። የደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ይህንኑ ቀለም በአምስት ደረጃ ከፍለው ካርድ ሠሩለትና ዛሬ ብዙ አገር ይጠቀምበታል። ጥቅሙ መንጋውን ሁሉ በየወሩ የትል መድኃኒት ከማጠጣት ይልቅ የትኛዋ እንደምትፈልግ መለየቱ ነው።

ከእነዚህ ጋር አንድ ደብተር ይኑር። የተገዛችበት ቀን፣ የተከተበችው፣ የተሰጣት መድኃኒትና መጠኑ ይጻፍበት።

ለመጀመሪያ እርዳታ ብዙ አያስፈልግም። ለአዲስ ግልገል እምብርት ቲንክቸር አዮዲን፣ ለተቅማጥ ኦ አር ኤስ፣ ጓንት፣ ለማጠጫ መርፌ የሌለው ትልቅ ስሪንጅ፣ የምግብ ዘይት። ፍየል በእርጥብ ሣር አረፋማ ጋዝ ይዟት የግራ ጎኗ ሲነፋ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ሊረዳት ይችላል። ሲያጠጡ ስሪንጁን በአፏ ጎን አስገብተው በትንሽ በትንሹ ይስጡ፤ ራሷን ወደ ላይ አያንጋጥጡት፤ ካሳለች ያቁሙ። ሳንባ የገባ ዘይት ራሱ በሽታ ነው። በበዓል ማግስት የተረፈ ዳቦ፣ ሊጥ ወይም እህል በልታ የተነፋች ከሆነ ግን ዘይቱ አይፈውሳትም፤ ሆዷ ኮምጥጧልና ፈጥኖ ሐኪም ይጠራ። ሰፈራችን ውስጥ የባሰው ፌስታል መብላቷ ነው። ሆድ ውስጥ የተጠቀለለ ፌስታል የሚያሟሟ መድኃኒት የለም፤ መከላከያው የግቢ ጽዳት ነው።

አንቲባዮቲኩን ግን ቤት አያስቀምጡ። ሦስት የሚያስሉ ፍየሎችን አስቡ። አንዷ የፍየል ሳምባ በሽታ ይዟታል። አምጪው ማይኮፕላዝማ የሚባል የሕዋስ ግድግዳ የሌለው ተሕዋስ ነው፤ ፔኒሲሊን ደግሞ የሚያጠቃው ያንን ግድግዳ ስለሆነ አይነካውም። ሁለተኛዋ ደስታ መሰል በሽታ ይዟት አፏ ቆስሎ፣ ከአፍንጫዋ ዝልግልግ ፈሳሽ እየወረደ ያስቀምጣታል። ይህ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚያግዘው ተደርበው የሚመጡትን ባክቴሪያዎች በመከላከል ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ሲያጠጧት ፈሳሹ ሳንባዋ ገብቷል። ሦስቱንም ከአንድ ብልቃጥ መውጋት ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ነው። ገንዘቡ ይባክናል፣ ፍየሏ ትሞታለች፣ የቀረው ባክቴሪያም መድኃኒቱን ይለምዳል።

ክትባትም ቤት አይቀመጥም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ወዲያው መሰጠት አለበት፤ አንዱ ብልቃጥም ለብዙ ፍየል የተሠራ ነው። የደስታ መሰል ክትባት ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ ተቋም ይመረታል፤ አንድ ጊዜ በአግባቡ የተሰጠ ክትባት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይከላከላል። ክትባት ምን እንደሚሠራ ታሪካችን ይመሰክራል። የዚህ በሽታ ዘመድ የሆነው የከብት ደስታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሬውን ፈጅቶ ክፉ ቀን የሚባለውን ረሃብ አመጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ግን ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው በየአገሩ የተካሄደው ክትባትና ክትትል ነው። አሁን ዓለም ደስታ መሰልንም እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት ዕቅድ ይዟል፤ የአንድ ግቢ ሁለት ፍየሎችም የዚህ ሥራ አካል ናቸው። ስለዚህ አምስት ስድስት ጎረቤት ተሰብስቦ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድ ቀን ጥሪ ቢያቀርብ ይሻላል።

ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሲገዛም ከተፈቀደለት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ይሁን፤ ቁጥጥሩን የሚመራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። በብልቃጡ ላይ ከተጻፉት ሁሉ አርቢው የሚዘልላት አንዲት መስመር አለች፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ሥጋና ወተቱ ስንት ቀን እንደማይበላ የምትናገረዋ። ለፋሲካ ልትሸጥ ሳምንት ሲቀራት የተወጋች ፍየል መድኃኒቱን ይዛ ገዢው ገበታ ላይ ትቀርባለች። የምትታለብም ከሆነች ወተቱን የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው። ቀኑ ሳይሞላ አትሸጥ፣ ወተቷም አይጠጣ። ደብተሩ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ፍየሏን የገዛ ሰው «መቼ ተወጋች?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፣ ሻጩም ገልጦ የማሳየት ግዴታ።