ሐኪሞችን የሚያስተምረው ሰው በምን ይኖራል?

የቤተ ሰብ አባት ልጁ በሌሊት ሲታመምበት ሐኪም ይጠራል፤ ሐኪሙን ማን እንዳስተማረው፥ መምህሩም በምን ይተዳደር እንደ ነበረ ግን አይጠይቅም። ሆኖም የልጁ ጤና በዚህም ነገር የተያያዘ ነውና፥ አንባብያን ሆይ፥ ጥቂት እናስበው።

ቀድሞ በአሜሪካ ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የንግድ ቤት ይመስሉ ነበር። ሐኪሞቹ ከግል ሥራቸው በተረፈው ሰዓት እያስተማሩ ተማሪው የሚከፍለውን ገንዘብ ይካፈሉ ነበር። አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ፥ ሐኪም ሳይሆን የትምህርት ሰው የነበረ፥ በአሜሪካና በካናዳ 155 ትምህርት ቤቶችን ጐብኝቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ጉድለታቸውን በጽሑፍ ገለጠ።

ከዚህ በኋላ በባልቲሞር ከተማ ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት፥ በ1913 በሮክፌለር ሀብት ከቆመው የትምህርት ቦርድ 1 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ያህል አግኝቶ አዲስ ደንብ አወጣ። የውስጥ ደዌ፥ የቀዶ ሕክምናና የሕፃናት ሕክምና ዋና መምህራን በቁርጥ ደመወዝ ጊዜያቸውን ሁሉ ለማስተማርና ለምርምር እንዲሰጡ፥ ከግል ሕመምተኛ የሚገኘውም ዋጋ ለትምህርት ቤቱ እንዲገባ ሆነ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንደ ተባለ፥ አሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን ቀድሞ በዚያው ያስተምር የነበረው ስመ ጥሩው ዊልያም ኦስለር፥ መምህራኑ ከሕዝቡ ኑሮ ይለያሉ ሲል ተቃወመ።

ቴዎዶር ጄንዌይ ከኒው ዮርክ መጥቶ በ1914 የመጀመሪያው የሙሉ ጊዜ የውስጥ ደዌ መምህር ሆነ። ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ግን በ1917 ወደ ግል ሥራው ሊመለስ ሹመቱን ለቀቀ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የቤተ ሰቡ ኑሮ ነበረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በሳንባ ምች ሞተ። እንግዲህ የመምህሩን ጊዜ በሙሉ የሚጠይቅ ደንብ የመምህሩንም ማጀት ማሰብ እንደሚገባው ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ነገር የማስተማር ጥበብ ነው። ማከም የሚያውቅ ሁሉ ማስተማር አያውቅም። ስለዚህ በ1950ዎቹ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ከትምህርት ጥበብ ሊቃውንት ጋር ተቀምጠው፥ ተማሪ እንዴት እንደሚማርና እንዴት እንደሚፈተን ማጥናት ጀመሩ።

በእኛም አገር ቀን በማስተማሪያው ሆስፒታል ውሎ ማታ በግል ክሊኒክ የሚሠራ መምህር አለ። እርሱን በስስት ከመንቀፋችን በፊት ደመወዙ ልጆቹን ያሳድግ እንደ ሆነ እንጠይቅ። የሚበቃ ደመወዝ፥ የታወቀ ሰዓትና የማስተማር ትምህርት ለመምህሩ ቢሰጡት፥ ትርፉ በሌሊት ሐኪም ለምንጠራ ለእኛ ነው።