የሚጮኸው ሃርድ ዲስክ የትኛው ነው?

ባለፈው ተርም መጨረሻ በኮምፒውተር ክፍላችን ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» ማለት ጀመረ። ማሽኑ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው፤ አንዱ ዊንዶውስ የተጫነበት፣ ሌላው የተማሪዎች ውጤት የተቀመጠበት። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ካዳመጥኩ በኋላ «የዊንዶውሱ ነው፣ ቢበላሽም መልሰን እንጭነዋለን» ብዬ ተውኩት። ተሳስቼ ነበር። ከአገሩ ሲወጣ ሰርተፍኬቱን ይዞ የመጣ በመካከላችን ስንት ሰው አለ? እዚህ ያገኘውም ከጠፋ ተማሪው ነገ ምን ያሳያል? ለዚህ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት ኮፒ ነው። ማሽኑ ፋይል የሚከፍት ከሆነ፣ ድምፁን ከመፈለጋችሁ በፊት የማይተካውን ወደ ፍላሽ አውጡ። ዘፈንና ፊልሙ ይቆይ። ዲስኩ ሳያቋርጥ እየተንኳኳ ፋይል አልከፍትም ካለ ግን ወዲያው አጥፉት፤ በሠራ ቁጥር ጉዳቱ ይብስበታል።

ድምፁ የፋንም ሊሆን ይችላል። ፋን ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አቧራ ነው (የካኩማን አቧራ ለናንተ አልነግርም)፣ ወይም የላላ ገመድ ክንፉን እየነካው ነው። የዲስክ ድምፅ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወይም ፋይል ሲከፈት ይብሳል። በዲስኩ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለ፤ የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ ከላዩ ይንሳፈፋል። «ቀጭ ቀጭ» ሲል ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ቦታውን አጥቶ እየተመለሰ እየሞከረ ነው። እንደ ወፍጮ ከተፋጨ ሳህኑን እየፋቀው ሊሆን ይችላል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት የሚዞር ነገር ስለሌለው አይጠረጠርም።

አሁን መለየቱ። ጆሮ ብቻውን አይታመንም፤ ኬዙ ቆርቆሮ ስለሆነ የአንዱን ዲስክ ድምፅ ለሌላው ያዳርሳል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ኬዙን ክፈቱ፣ የኬዙን ብረት በእጃችሁ ንኩ። ከዚያ የአንዱን ዲስክ የፓወር ገመድ ብቻ ነቅላችሁ ማሽኑን አስነሱ። የዊንዶውሱን ከነቀላችሁ «ሲስተም የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ አትደንግጡ፣ የቀረው ዲስክ ግን ይዞራል፣ ትሰሙታላችሁ። እንደገና አጥፍታችሁ በሌላው ድገሙት። ሁለቱም ተነቅለው ድምፁ ካለ፣ ከፋን ወይም ከፓወር ሳፕላይ ነው። ፓወር ሳፕላይን ግን አትክፈቱ፤ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛል።

አንድ ጊዜ ዝም አለ ብላችሁ አትደምድሙ። አንዳንዱ ዲስክ ሲሞቅ ብቻ ነው የሚጮኸው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከእንጨት ማስመሪያ አንዱን ጫፍ በዲስኩ የብረት ሽፋን ላይ፣ ሌላውን በጆሮ ላይ ማድረግም ይረዳል። አረንጓዴውን ሰርኪዩት እንዳትነኩ።

ሁለቱ ዲስኮች በማርክም በመጠንም አንድ ከሆኑ፣ በላያቸው የተለጠፈውን ሲሪያል ቁጥር ጻፉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ቁጥር ከዲስኩ ጤንነት ጋር ያሳያል። «ደህና ነው» ካለ ግን አትዘናጉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከተበላሹት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ዋና ከሚባሉት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር። ፕሮግራሙ ደህና ቢልም የሚጮኸውን ዲስክ አትመኑት።

በረዶ ቤት ክተቱት፣ በመዶሻ ጠቆም አድርጉት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው። ካቻቢቴ ይዛችሁ የዲስኩን ክዳንም አትክፈቱ። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ሳህኑን ልትቧጭረው ትበቃለች።

የኛ ዲስክ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልነሳም አለ። የሁለት ክፍል ውጤት በፍላሽ ተርፏል። የቀረውን ከመምህራን የወረቀት መዝገብ እየገለበጥን ነው፤ መዝገባችሁ ቤት የቀረ መምህራን እባካችሁ ይዛችሁ ኑ።