ጋያ፦ በቱርሚ ገበያ የሚቀመሰው ትምባሆ

ጋያ ከቅል፣ ከሸምበቆና ከሸክላ የሚሠራ፣ የትምባሆው ጢስ በውኃ ውስጥ አልፎ ወደ አጫሹ አፍ እንዲደርስ የሚያደርግ ማጨሻ ሲሆን፣ በደቡብ ኦሞ፣ በተለይም በአሪና በበና ማኅበረሰቦች ዘንድ፣ በወንዱም በሴቷም እጅ የሚታይ ዕቃ ነው። በውጭው ዓለም «ባለ መዓዛ የፒፓ ትምባሆ» የሚባለው ምርት ስሙን ያገኘው በፋብሪካ በሚጨመርበት የቫኒላ፣ የቼሪ ወይም የሩም አረቄ ቃና ሲሆን፣ በጋያ የሚጨሰው ቅጠል ግን መዓዛው ከአፈሩ፣ ከአደራረቁና ከማብላላቱ ብቻ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ስለ ትምባሆ ጣዕም ምንጭ ለማወቅ ለሚሻ ሰው ከታሸገው ይልቅ ይኸኛው የተሻለ መማሪያ ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ባለው የሐመር ቆላ የተቆረቆረችው ቱርሚ ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት አነስተኛ ከተማ ስትሆን፣ በዚህ ገበያ ሐመሮች ለፀጉራቸው ከሚፈልጉት ቀይ አፈርና ቅቤ፣ በቅል ከሚጠጡት የቡና ገለባና ከማሽላው ጎን ትምባሆም ለሽያጭ ይቀርባል። ተክሉ ሙቀት ቢወድም ርጥበትና ለም አፈር አጥብቆ ስለሚሻ፣ ዝናብ በሚያጥረው በዚህ ቆላ እንደ ልብ አይበቅልም፤ በአንጻሩ በጂንካ ዙሪያ ያለው የአሪ ከፍተኛ ምድር ይስማማዋል። በከብት ፋንድያ የዳበረ የጓሮ አፈር ለትምባሆ ተመራጭ የሚሆነው፣ ተክሉ ናይትሮጅን የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚጠቀምና ኒኮቲንን፣ ማለትም ሱስ የሚያስይዘውን ቅመም፣ በሥሩ ሠርቶ ወደ ቅጠሉ የሚልከው ከዚሁ ንጥረ ነገር በመሆኑ ነው። አፈሩ በናይትሮጅን ሲበለጽግ ቅጠሉ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ደግሞ ጉሮሮን ይቆነጥጣል።

እንደተቀጠፈ ያለ እርጥብ ቅጠል የሣር እንጂ የትምባሆ ሽታ የለውም። ቅጠሉ በጥላ ሥር ተሰቅሎ ቀስ ብሎ ሲጠወልግ አረንጓዴው ቀለም ይፈርሳል፣ በውስጡ የተከማቸው ስታርች ወደ ስኳርነት ይለወጣል፣ ቢጫው ቀለም የተሠራባቸው ካሮቲኖይድ የተባሉት ውሁዶችም ተሰባብረው የአበባና የደረቅ ፍሬ መዓዛ ያላቸውን ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሰጣሉ። ቅጠሉ ምድጃ ባለበት ጎጆ ጣሪያ ሥር ከተንጠለጠለ ደግሞ የእንጨቱን ጢስ ይጠጣል፤ በሶርያና በቆጵሮስ ላታኪያ በሚል ስም የሚታወቀውና በፒፓ አጫሾች ዘንድ ትልቅ ዋጋ ያለው ትምባሆም ይህንኑ በዓላማ በማድረግ፣ ማለትም በእንጨት ጢስ በማጠን፣ የሚዘጋጅ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ማብላላት ሲሆን፣ ይህም በመጠኑ የራሰውን ቅጠል ክምር አድርጎ ወይም ወቅጦና ጠፍጥፎ በራሱ ሙቀት እንዲበስል መተው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አፍንጫን የሚሰነፍጠው አሞንያ ተንኖ ይወጣል፣ ቀለሙም ወደ ጥቁር ቡናማ ይጠጋል። በችኮላ ለገበያ የወጣ ቅጠል የሚታወቀው ከዚህ አሞንያ ቅሪት የተነሣ የሽንት ዓይነት ሽታ ስለሚኖረው ነው።

ስለዚህም ቅምሻው ከእሳቱ በፊት ይጀምራል ማለት ይቻላል። ቅጠሉ በጣቶች መካከል ሲታሽ ወዲያው ዱቄት ከሆነ ከልክ በላይ ደርቋል፣ ሲጨበጥ ተጣብቆ ከቀረ ርጥበቱ በዝቷል፤ ሳይሰበር ተልመጥምጦ ጣት ላይ ቅባት መሰል ነገር የሚተው ቅጠል ግን በደንብ የተያዘ ነው። ቁንጣሪው ወደ አፍንጫ ቀርቦ ሲሸተት የደረቀ ሣር፣ የቆዳ ወይም የማር ቃና ሊሰጥ ይችላል፤ በአፍንጫ የሚሳበው ሱረት፣ ማለትም ልሞ የተፈጨው ትምባሆ፣ የሚመዘነውም በዚሁ መንገድ ነው።

የጋያው አሠራር ቀላል ነው። ቅሉ ከፊሉን ውኃ ይይዛል፤ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ እሳት መያዣ ከላይ ሆኖ በሸምበቆ አማካይነት ከውኃው በታች ይደርሳል፤ አጫሹ ከቅሉ አንገት አየር ሲስብ በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ጢሱ በውኃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል። ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዛል፣ ሻካራነቱንም ይቀንሳል፤ መርዙን ያጣራል የሚለው እምነት ግን ስሕተት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አደገኛ ጋዝም ሆነ ካንሰር አምጪዎቹ ውሁዶች በአብዛኛው ሳይነኩ ያልፋሉ። በጥላ የደረቀ ጥቁር ትምባሆ ጢሱ ወደ አልካላይነት፣ ማለትም ከኮምጣጣነት ወደ ተቃራኒው፣ ስለሚያደላ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ባለው ሥሥ ቆዳ በኩል ሳይቀር ወደ ደም ይገባል፤ በሞቀ አየር በሚደርቅ ቅጠል የሚሠራ የሲጋራ ጢስ ግን ኮምጣጣ በመሆኑ ወደ ሳንባ ካልተሳበ ብዙም አይረካበትም። ፒፓ አጫሾች ጢሱን በአፋቸው ይዘው ጣዕሙን የሚያጣጥሙት ለዚህ ነው።

ትምባሆ ከአሜሪካ አኅጉር የተገኘ ተክል ሲሆን የኒኮቲን ስያሜም እ.ኤ.አ. በ1560 አካባቢ ዘሩን ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ካስተዋወቀው ከአምባሳደር ዣን ኒኮ የመጣ ነው። ማጨሻው ግን በኢትዮጵያ ከተክሉ ይቀድማል፤ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው፣ ከውቅሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር መምታታት በሌለበት የላሊበላ ዋሻ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ገደማ የነበሩ የሸክላ ማጨሻ ራሶች ተቆፍረው ወጥተው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። በሰሜኑ ክፍል ትምባሆ በቤተ ክርስቲያን የተጠላ ከመሆኑም በላይ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አጫሹ ከንፈሩ፣ ሱረት ሳቢው አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። የኦሞ ሸለቆ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለለው ከዚያ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በመሆኑ ያ ቅጣት እዚህ አልደረሰም፤ ትምባሆ በዚህ አካባቢ ለእንግዳና ለሽማግሌ የሚቀርብ ስጦታ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያትም ምናልባት ይኸው ነው።

ዛሬ ሥራ ላይ ያለው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቃና የተጨመረበት ትምባሆና ሺሻ እንዳይሸጥ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ማንኛውም የትምባሆ ምርት እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ የጤና ማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍም ከማሸጊያው ገጽ 70 በመቶውን እንዲሸፍን ያዛል። በቱርሚ ገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ቅጠል ግን ማሸጊያ የለውም።