ስለ መታወቅና ስለ መፈቀድ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ የዚህ ተረት ቁም ነገር የገባኝ ዘንድሮ በገዛ ስሕተቴ ነው። ጓደኞቼም በእኔ ተምረው እንዳይሳሳቱ፥ መምህራንና ወላጆችም ልጆቻቸው የሚደክሙበትን ሥራ እንዲያውቁልን ብዬ ይህን አጭር ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር ክበባችን ተማሪዎች የፈተና ውጤታቸውን በስልክ የሚያዩበት ትንሽ ፕሮግራም እንዲሠራ ወሰነ፤ ሥራውም ለእኔ ደረሰ። ስልኩ ጥያቄ ይልካል፤ ውጤቱ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር፥ ማለት ሰርቨሩ፥ መልስ ይሰጣል። አንዱ ፕሮግራም ሌላውን የሚጠይቅበት ይህ የተወሰነ መንገድ ኤፒአይ ይባላል። እኔም እያንዳንዱ ተማሪ በስሙና በምስጢር ቃሉ እንዲገባ አደረግሁና፥ ሥራዬ ተፈጸመ ብዬ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ግን አንድ የክፍላችን ልጅ በራሱ ስም ከገባ በኋላ፥ በአድራሻው መጨረሻ ያለውን ቁጥር በሌላ ቁጥር ቢለውጠው የሌላ ተማሪ ውጤት ወጣለት። ውጤቱ በሒሳብ የወደቀ የቅርብ ጓደኛዬ ነበር። ወሬው በዕረፍት ሰዓት ግቢውን ሞላው። ሁልጊዜ ወደ ጀሞ አብረን እንመለስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ብቻውን ሄደ። ፈተናውን የወደቀ እርሱ ቢሆንም፥ ጓዳውን ከፍቼ የተውሁት እኔ ነበርሁ።

ስሕተቴ ምን ነበር? ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ቈጥሬአቸው ነበር። አንደኛው «ማን ነህ?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛውም «ይህን እንድታይ ተፈቅዶልሃልን?» የሚለው ነው። በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳዋል። ዘበኛው ነዋሪ መሆኑን ዐውቆ ግቢውን ቢከፍትለት፥ የጎረቤቱን ቤት ደግሞ ይከፍትለታል ማለት አይደለም። በኢንተርኔትም ሥርዐት ልዩነቱ የታወቀ ነው። ሰርቨሩ ጠያቂውን ካላወቀው 401፥ ዐውቆት ካልፈቀደለት ግን 403 የሚል ቁጥር ይመልሳል። የእኔ ፕሮግራም 401ን እንጂ 403ን አላወቀም ነበር። ኦዋስፕ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት በ2019 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኤፒአይ አደጋዎች ዝርዝር ይህንኑ ስሕተት በአንደኛ ቁጥር ጽፎታል።

እኔ በፕሮግራሙ ውስጥ በየቦታው መቆጣጠሪያ ልጨምር ስል፥ የክበባችን መምህር «በየክፍሉ በር ዘበኛ ብታቆም አንዱን በር መርሳትህ አይቀርም» አሉኝ። ስለዚህ በጥያቄውና በመልሱ መካከል የሚቆም፥ ሚድልዌር የሚባል ፕሮግራም አበጀሁ። ማናቸውም ጥያቄ በእርሱ በኩል ሳያልፍ ወደ ውጤቱ አይደርስም።

ይሁን እንጂ ዘበኛ ደንብ ያስፈጽማል እንጂ ደንብ አያወጣም። ደንቦቹን ለየብቻ ጽፌ የሚሰኩና የሚነቀሉ አደረግኋቸው፤ እንዲህ ያለው ክፍል ፕለጊን ይባላል። አንዱ ፕለጊን ተማሪ የራሱን ውጤት ብቻ እንዲያይ ይፈቅዳል፤ ሁለተኛው ለክፍል ኀላፊው መምህር የክፍላቸውን፥ ሦስተኛውም ለወላጅ የልጁን። የከርሞ ደንብ ቢለወጥ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ነው እንጂ ሌላውን ሥራ መነካካት አያስፈልግም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ከደንቦቹ አንድም የፈቀደ ከሌለ፥ ወይም ደንቡ ራሱ ቢበላሽ፥ መልሱ «አይቻልም» መሆን አለበት። ደግሞም ሌላ ሰው የሠራውን ፕለጊን ሳይመረምሩ መሰካት፥ ለማያውቁት ሰው የዘበኛውን ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

ይህ ነገር የትምህርት ቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያችን ፋይዳ የተሠራው፥ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር በባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ፕሮግራም ላይ ነው። በሞሲፕ ሥርዐት መረጃ የሚጠይቀው ድርጅት አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ምን እንደሚፈቀድለትም ይወሰናል። ለአንዱ «ሰውየው እርሱ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ብቻ ይሰጠዋል፤ ለሌላው ደግሞ ባለቤቱ ሲፈቅድ ስሙንና የልደት ቀኑን የመሰለ መረጃ ይሰጠዋል። ኢሲግኔት የተባለው የሞሲፕ ክፍልም ከመታወቂያው መዝገብ ጋር የሚገናኘው በፕለጊን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም የሰው ምስጢር በሕግ የሚጠበቅ መሆኑን ያስረዳል። በክፍላችን የአንድ ልጅ ውጤት ቢወጣ ያን ያህል ካሳዘነን፥ የሕዝብ መዝገብ ያለ ዘበኛ ቢቀር ምን ሊደርስ እንደሚችል አንባቢ ያስተውል።

ፕሮግራሙን ካስተካከልሁ በኋላ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ዝም ብሎ ስልኩን አወጣና በስሙ ገብቶ የእኔን ቁጥር ጻፈ፤ 403 ወጣለት። ቀጥሎ የሌላ ጓደኛችንን ሞከረ፤ አሁንም 403። «እንግዲህ ዘበኛህ ነቅቷል» ብሎ ሣቀና፥ በማግሥቱ ወደ ጀሞ አብረን ተመለስን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ነገ የባንክ፥ የሆስፒታል ወይም የመንግሥት ፕሮግራም የሚሠሩ ይኖራሉ። «ማን ነህ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፥ «ምን ተፈቅዶልሃል?» የሚለውን እንዳትረሱ እያሳሰብሁ ጽሑፌን በዚሁ እፈጽማለሁ።