የሕዳሴ ዘመን ሥዕል፦ ተረቱና እውነታው

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ቫዛሪ በ1550 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የጥበበኞች ታሪክ፣ ስለ አውሮፓ ሕዳሴ ዘመን (ሬኔሳንስ) ዛሬም ድረስ ለሚወሩ ብዙ ተረቶች ምንጭ ነው። በተረቱ ፈጠራ ከአንድ ሊቅ አእምሮ እንደ መብረቅ ዱብ ይላል። ልስኑ፣ ቀለሙና የውል ወረቀቱ ሲመረመሩ ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ የዘይት ቀለምን የፈለሰፈው ያን ቫን አይክ ነው።
እውነታ፦ ወሬውን ያስፋፋው ቫዛሪ ነው። ቴዎፍሎስ የተባለ መነኩሴ ቀለምን በተልባ ዘይት ስለ መለወስ የጻፈው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነበር። በአፍጋኒስታን የባሚያን ዋሻዎች የተገኙት የዘይት ሥዕሎች ደግሞ ከዚያም ይቀድማሉ። የቫን አይክ ፈጠራ አቀባቡ ላይ ነው፦ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም እየደረበ ሣለ። በ1434 በሠራው የአርኖልፊኒ ሥዕል ከጣሪያው የተንጠለጠለው የናስ መቅረዝ የሚያብረቀርቀው በዚህ ዘዴ ነው።

ተረት፦ በጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ጥልቀት ማሳየት የተሰጥኦ ጉዳይ ነበር።
እውነታ፦ የስሌት ጉዳይም ነበር። ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ፍሎረንስ ውስጥ በመስተዋት ሞከረው፤ ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ1435 ደንቡን ጻፈው። ማሳቾ በ1427 አካባቢ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን የሣለው «ቅድስት ሥላሴ» ልስኑ ላይ ለልኬት የተጫሩ መስመሮች አሉበት። ከሁሉም አስቀድሞ፣ ኢብን አል-ሃይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ብርሃንና እይታ የጻፈው መጽሐፍ በላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ይነበብ ነበር።

ተረት፦ ሚኬላንጄሎ የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ የሣለው በጀርባው ተኝቶ ነው።
እውነታ፦ ከ1508 እስከ 1512 የሠራው በእንጨት ርብራብ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ነው። ስለ ሥቃዩ በጻፈው ግጥም ጎን፣ ቆሞ ወደ ላይ ሲቀባ የሚያሳይ ንድፍ በገዛ እጁ ሥሏል።

ተረት፦ የሊዮናርዶ «የመጨረሻው እራት» ፍሬስኮ ነው።
እውነታ፦ ፍሬስኮ ልስኑ ሳይደርቅ መቀባት ስላለበት ያጣድፋል። ሊዮናርዶ ደግሞ ዝግ ብሎ፣ እያረመ መሥራት ይወድ ነበር። ስለዚህ በ1490ዎቹ ሚላን ውስጥ በደረቅ ግድግዳ ላይ በእንቁላልና በዘይት ቀለም ሣለ። ሙከራው ከሸፈ፤ ሥዕሉ ገና እርሱ በሕይወት እያለ መበላሸት ጀመረ። የመጨረሻው ትልቅ ጥገና ከ1978 እስከ 1999 ፈጅቷል።

ተረት፦ ሠዓሊው የፈለገውን በፈለገው ቀለም ይሥል ነበር።
እውነታ፦ ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ በ1485 ለፍሎረንስ የሕፃናት ማሳደጊያ የፈረመው ውል ዋጋውን 115 ፍሎሪን አድርጎ፣ ሰማያዊው ቀለም ሳይቀር አንዱ ኦንስ 4 ፍሎሪን የሚያወጣ እንዲሆን ያዛል። ይህ ቀለም ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚመጣ ድንጋይ የሚሠራ ውድ ዕቃ ነበርና ደንበኛው በርካሽ እንዳይተካበት ይሰጋል። የዘመኑን ፈጠራ ማጥናት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ከሠዓሊው ገድል በፊት ውሉን ቢያነብ ይሻለዋል፤ ምን እንደ ተፈቀደለት ሳይታወቅ ምን እንደ ፈጠረ መለየት አይቻልም።