«ቼዝ የእኛ ጨዋታ አይደለም»፦ ተረትና እውነታ

ልጅን ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) ወስዶ ለቼዝ ሁግ (የትርፍ ጊዜ ክፍል) ማስመዝገብ ሲነሣ «ይሄ የፈረንጅ ነው» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። በሀደራ ምዕራብ፣ በጊቫት ኦልጋ ላላችሁ ወላጆችና አያቶች ይህ ትክክል አለመሆኑን መናገር እፈልጋለሁ።

ሰንጠረዥ የሚባለው የቼዝ ዓይነት በኢትዮጵያ ለዘመናት የኖረ ጨዋታ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ደንቡ ጥናት አሳትመዋል። የጨዋታው መነሻ «ወረራ» ይባላል፤ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠባበቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ተራ ይያዛል። ንጉሡ በምን እንደተያዘም ይታያል፦ በፈረስ የተገኘ ድል እምብዛም አያስመሰግንም፤ የሚያስከብረው በደካሞቹ ጠጠሮች በፈርዝና በፊል የተገኘው ነው። እርግጥ ነው፣ ሰንጠረዥ በአብዛኛው የመኳንንቱ ነበር። ገጠር ያደጉ አያት የሚያውቁት ገበጣን ሊሆን ይችላል። ገበጣም ቢሆን ጠጠር ከማንሣት በፊት መቁጠርን ይጠይቃል፤ ከልጅ ልጅ ጋር ለጨዋታ ለመቀመጥ ከበቂ በላይ ነው።

«ቼዝ የሒሳብ ውጤት ያሻሽላል» የሚለው ተስፋ ደግሞ ብዙ አገር ይዞራል። አርሜኒያ በ2011 ቼዝን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የግዴታ ትምህርት አድርጋለች። በእንግሊዝ 100 ትምህርት ቤቶችን ያሳተፈና ውጤቱ በ2016 የታተመ ጥናት ግን፣ ቼዝ የተማሩት ልጆች ከዓመት በኋላ ካልተማሩት በሒሳብ በልጠው እንዳልተገኙ አሳይቷል። ሒሳብ የከበደው ልጅ የሚያስፈልገው የሒሳብ አስጠኚ ነው። ቼዝን ለራሱ ለጨዋታው እናስተምር፤ ልጅ ተሸንፎ የተጋጣሚውን እጅ ጨብጦ እንደገና ጠጠር ሲደረድር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቼዝ ለወንዶች ብቻ ነው ለሚሉም፣ ሀንጋሪያዊቷ ዩዲት ፖልጋር በ1991 ገና በ15 ዓመቷ ግራንድማስተር ሆናለች፤ በ2002 የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸንፋለች።

«እኔ ሳላውቀው እንዴት ላስተምር?» የሚለው ስጋት የብዙ ወላጅ ነው። በ32ቱም ጠጠሮች አትጀምሩ። ወታደሮቹን ብቻ ደርድሩ፤ አንድ ወታደር ቀድሞ ወዲያኛው ጫፍ ያደረሰ ያሸንፋል። ዕብራይስጥ አይጠይቅም፤ አረማመዱን ለመማር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ይህን ሲለምድ ፈረስን ጨምሩ፤ ንጉሡ ቆይቶ ይመጣል። ሁግ የገባ ልጅ ካለ ደግሞ አያቱ «ና እስቲ አስተምረኝ» ይበሉት፤ ለሌላ ሰው ሲያስረዳ የትኛው ደንብ እንዳልገባው ራሱ ያገኘዋል።