ከስልካችን እምብርት ውስጥ የተደበቀ ስሕተት እንዴት ይያዛል?

በሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ ሂሳቡን በቴሌብር የሚከፍል ሰው፣ ገንዘቡን የሚጠብቀው የምሥጢር ቁጥሩ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ከቁጥሩ ሥር ግን ሌላ ጠባቂ አለ፤ እርሱም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ሊኑክስ ሲሆን፣ ሚሞሪን ለየመተግበሪያው ያከፋፍላል፤ አንዱም የሌላውን እንዳይነካ ይከለክላል። ስሕተቱ በራሱ በከርነሉ ውስጥ ሲፈጠር ግን ይህ ከለላ ይፈርሳል።

ሊኑክስ በአብዛኛው የተጻፈበት ሲ የተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ ፈጣን ቢሆንም፣ ኮዱ ከተፈቀደለት የሚሞሪ ወሰን ማለፉን አይቆጣጠርም። የተለቀቀን ቦታ እንደገና መጠቀምም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ቤቱን የለቀቀ ተከራይ በእጁ በቀረው ቁልፍ ተመልሶ ገብቶ የአዲሱን ተከራይ ዕቃ እንደሚያተራምስ ማለት ነው። ክፋቱ፣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዘግይቶና ከስሕተቱ ጋር ተያያዥነት በሌለው የኮዱ ክፍል መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በሊኑክስ 4.0 የተካተተው ካሳን (ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ሌላ ትርጉም ቢኖረውም) የተሠራው ለዚሁ ነው። ለእያንዳንዱ 8 ባይት ሚሞሪ 1 ባይት የጥበቃ መዝገብ ይይዛል። ኮዱ ሚሞሪን ከማንበቡ ወይም ከመጻፉ በፊት መዝገቡ ይታያል። የተለቀቀ ቦታም ወዲያው ለሌላ አይሰጥም፤ ለጊዜው ይታገዳል። ጥሰት ሲገኝ ቦታውን ማን እንደወሰደው፣ ማን እንደለቀቀውና ማን እንደነካው በዝርዝር ያወጣል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ የሚሞሪውን አንድ ስምንተኛ ይወስዳል፣ ሥራውንም በእጅጉ ያዘገያል። በዚህም ምክንያት በብዛት የሚያገለግለው በሙከራ ማሽኖች ላይ ነው።

ስሕተቱን ማግኘት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየ አጋጣሚም አለ። ሲዝኮለር የተባለው የጉግል መሣሪያ ለከርነሉ የዘፈቀደ ትእዛዞችን እየላከ ሲፈትን፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በባይንደር ውስጥ የተለቀቀ ቦታ ሲነካ በካሳን አማካይነት ተያዘ። ባይንደር በአንድሮይድ መተግበሪያዎች መካከል መልእክት የሚያመላልስ ክፍል ነው። እርማቱ በ2018 መጀመሪያ ወደ ሊኑክስ ገባ። ነገር ግን ፒክስል 2ንና ከጋላክሲ ኤስ7 እስከ ኤስ9 ያሉትን ጨምሮ በርካታ ስልኮች አልደረሳቸውም ነበር። በ2019 መገባደጃ የጉግል ተመራማሪዎች ይኸው ቀዳዳ ለጥቃት እየዋለ መሆኑን ይፋ አደረጉ።

ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ከካሜራው አስቀድሞ በሴቲንግ ውስጥ የደኅንነት ማሻሻያውን ቀን ቢመለከት ይበጃል። ቀኑ ከኦክቶበር 6 ቀን 2019 በፊት ከሆነ፣ ይህ ቀዳዳ ዛሬም በስልኩ ላይ ክፍት ሊሆን ይችላል።